ጠዋቱን ለልጆች፣ ከሰዓቱን ለዝናቡ

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። ሐዋሳ የምንኖር ባልና ሚስት ነን፤ የ7 ዓመት ወንድና የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለን። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ልጆቹ ከቴሌቪዥንና ከስልክ አልላቀቅ ብለዋል። ባለቤቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ስለሚሠራ ሙሉ ቀን የሚያርፈው እሑድ ብቻ ነው። አምና ክረምቱ እንዲሁ እንዳያልፍ ብለን፣ ተበድረንም ቢሆን ወንዶ ገነት ሄድን። ስንመለስ ዝናብ ደበደበን፣ ትንሿ ታመመች፣ እኔና አባታቸውም ተኳርፈን ቤት ገባን። ከዚያ ወዲህ አማቴ ‹ልጅ በክረምት አይወጣም፣ ብርድ ይመታዋል› ይላሉ። ሐይቁ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ልጆቼ ክረምቱን ሶፋ ላይ ሊጨርሱት ነው። ብዙ ገንዘብ የለንም። ምን ብናደርግ ይሻላል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከሐዋሳ»

መልስ

ውድ እህታችን፣ አምና ጉዟችሁን ያበላሸው ዝናቡ ብቻ አይመስለንም። የሁለት ወር ደስታ በአንድ ቀን ላይ ተጭኖ ነበር። ብድር ያለበት ጉዞ ሲሆን ደግሞ ማንም ቶሎ መመለስ አይፈልግም፤ «ከመጣን አይቀር» እየተባለ ሰዓቱ ይገፋል፣ ልጆቹ ይደክማሉ፣ ደመናው ይሰበሰባል። ስለዚህ ዘንድሮ ትልቁን ጉዞ ለመጨረሻ አቆዩትና በሳምንት ሦስት አጫጭር ጠዋቶች ያዙ። ሁለቱን እርስዎ ብቻዎን ከልጆቹ ጋር፣ እሑዱን አባታቸው ባለበት። ቀኖቹ አይቀያየሩ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሑድ ካላችሁ ልጆቹ ራሳቸው ጫማቸውን በር ላይ አስቀምጠው ይጠብቋችኋል።

ጠዋት የምንለው በምክንያት ነው። ሐዋሳ ላይ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው፤ ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ብራ ይሆናል። ሐይቁም ጠዋት ይረጋል፤ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ይበረታል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታችሁ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ብትገቡ ዝናቡም ሐሩሩም ሳያገኛችሁ ትመለሳላችሁ። የመመለሻውን ሰዓት ከመውጣታችሁ በፊት ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ደስ ብሏቸው እየተጫወቱ ቢሆንም አታራዝሙት። ልጅ «ገና አልጠገብኩም» ብሎ ሲመለስ ሐሙስን ይናፍቃል፤ ተንገሽግሾ ሲመለስ ግን ቀጣዩን መውጫ ይጠላል።

አማትዎ ያሉት ከንቱ ፍርሃት አይደለም፤ ትንሽ ብቻ ይስተካከል። ጉንፋንም ሆነ የሳምባ ምች የሚመጡት ከተዋሲያን ነው። እነሱ ደግሞ ይበልጥ የሚዛመቱት በርና መስኮት ተዘግቶ ሰው በታፈነበት ክፍል ውስጥ ነው። ዝናብ የነካው ልጅ የሚጎዳው እርጥብ ልብስ ለብሶ ሲቆይ ነው። በተለይ በእርጥብ ካናቴራ ባጃጅ ውስጥ ነፋስ ከመታው ሰውነቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ከትልቅ ሰው ፈጥኖ ሙቀቱን ያጣል። እንግዲህ ዋናው ደንብ፣ ልብሱ የራሰ ልጅ ተሽከርካሪ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ልብሱን ይቀይር የሚል ነው። ከውስጡ ካናቴራ ጀምሩ፤ ሰው የሚሳሳተው ጃኬቱን ብቻ ቀይሮ ደረቱ ላይ የተለጠፈውን ሲተወው ነው። ለየልጁ አንድ ካናቴራ፣ አንድ ሱሪ፣ ካልሲና ሹራብ አፉ በደንብ በታሰረ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ያዙ። አማትዎንም ሥራ ይስጧቸው፤ ስትመለሱ ትኩስ አጥሚት ወይም ሻይ እንዲጠብቃችሁ ይጠይቋቸው። አንዱን ጠዋት ደግሞ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳር መናፈሻ ይዘዋቸው ይውጡ። ልጆቹ ጤነኛ ሆነው ሲያዩ ሐሳባቸውን የሚለውጡት ራሳቸው ናቸው።

ቦርሳው ቀላል ይሁን። ለሦስታችሁ 2 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ ይበቃል። ጾመኛ ከሆናችሁና ፍልሰታ ከገባ እንቁላሉን በተቀቀለ ድንች ወይም ባልተቆረጠ አቮካዶ ተኩት፤ ተቆርጦ የመጣ አቮካዶ ጠቁሮ ልጆች አይነኩትም። ቆሎና ኦቾሎኒ ለትንሿ አትስጧት፤ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ እየሮጠ ወይም ባጃጅ እያንገጫገጨው ፍሬ ነገር ከበላ ትንታ ሊያፍነው ይችላል። ትንሽ ሳሙና፣ ፎጣ፣ አንድ ፓኬት ኦአርኤስና ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ላስቲክ ጨምሩበት። ላስቲኩ ለመቀመጫም ለዝናብም ያገለግላል። ለእግራቸው ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ጭቃ ያዳልጣል። ቦቲ ካላችሁ በወፍራም ካልሲ ይልበሱት፤ ያለ ካልሲ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተረከዛቸውን ይልጠዋል።

የመንገዱን ርዝመት የምትወስነው ትንሿ ናት። የ4 ዓመት ልጅ እያረፈች 2 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ይህ መሄጃውንም መመለሻውንም ነው፤ ብዙ ወላጅ ለመሄጃው ብቻ ያስብና መመለሻው ላይ «እዘዪኝ» ይመጣል። እየሮጠች ሳለች፣ ገና ሳትደክም፣ ፊታችሁን ወደ ቤት አዙሩ።

አሁን የት? ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ጀምሩ። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ልጆቹ ዓሣው ከመረብ ሲፈታ ያያሉ። ሦስት ዓይነት ዓሣ እንዲለዩ አድርጓቸው፤ ቆሮሶው ጠፍጣፋ ሆኖ የጀርባው ክንፍ እሾሃም ነው፤ አምባዛው ቅርፊት የለውም፣ አፉ ዙሪያ ጢም አለው፤ ቢልጫው ትልልቅ ቅርፊት አለው። ትልቁ ልጅ በጣቱ ይንካቸው፤ ከዚያ በሳሙና ይታጠብ። የተጠበሰ ዓሣ ብትገዙላቸው በተለይ የቢልጫው እሾህ ቀጭንና ብዙ ስለሆነ ለትንሿ እናት በጣቷ ፈልፍላ ታጉርሳት። ጥሬ ዓሣ በአዋዜ ለልጅ አይሰጥም፤ ጥገኛ ትሎች ሊኖሩት ይችላሉ። አባ ኮዳዎቹ ከልጆቹ የሚበልጥ ቁመት ያላቸው ትልልቅ ወፎች ናቸው፤ የዓሣ ትርፍራፊ ስለለመዱ እጁ ላይ ምግብ የያዘ ልጅ አጠገባቸው አይቁም።

ጦጣዎቹም እንዲሁ ናቸው። ሙዝ ያዩበትን ፌስታል ይነጥቃሉ፣ ልጅ አልለቅም ካለ ይነክሳሉ። ምግብ ከዝግ ቦርሳ አይውጣ፤ ጦጣን መመገብም ይቅርባችሁ። ጦጣ ወይም ውሻ ልጅን ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ የሚወስኑት እዚያ ነው። ጉሬዛዎቹ ግን ከዛፍ ብዙ አይወርዱም፤ ከታች ሆኖ ነጭ ጭራቸውን እያዩ መቁጠር ለትንሿም አይከብድም።

ሐይቁ ዳር ስትቀመጡ ወፍ መለየት አስለምዷቸው። አንድ ደብተር ይዛችሁ ለሳምንቱ አምስት ወፍ ብቻ ምረጡ። አንዱ በውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ የሚራመደው ቡናማው ወፍ ይሁን። ጣቶቹ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም ናቸው፤ ክብደቱን በብዙ ቅጠል ላይ ስለሚያሰራጩለት አይሰምጥም። ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ወንዱ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ በክንፎቹ ሥር አቅፎ ይሸሻል፣ የጫጩቶቹ እግር ብቻ ከሥር ተንጠልጥሎ ይታያል። እሑድ ከአባታቸው ጋር ስትሆኑ ይህን ፈልጉ።

ውሃው ውስጥ መግባትን በተመለከተ ግን ቁርጥ ያለ ምክር ነው የምንሰጠው፤ ልጆቹ እግራቸውንም ሐይቁ ውስጥ አይንከሩ። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ጥገኛው ትል ዳር ዳሩን ቄጤማ ላይ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ውሃው ጥርት ያለ መሆኑ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። ልጁ ድንገት ከገባ ወዲያው አውጥታችሁ በፎጣ ጠንከር አድርጋችሁ አሹት፤ ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ካለፈ በኋላ የሰገራ ምርመራ ይደረግለት። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ ሐኪም ነው በክብደቱ ልክ የሚያዘው። ዋና ለመልመድ ክሎሪን የተጨመረበት የሆቴል መዋኛ ይሻላል። እዚያም ቢሆን ከትንሿ ከአንድ ክንድ በላይ አትራቁ፤ ውሃ የሚወስደው ልጅ አይጮህም።

ጀልባ ከፈለጋችሁ በጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ። ከመሳፈራችሁ በፊት የሕይወት አድን ጃኬቱን ልበሱና ፈትሹት፤ ልጁ እጁን ወደ ላይ ያንሳ፣ እናንተ ጃኬቱን ከትከሻው ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጩን አልፎ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል፤ ውሃ ውስጥ ልጁ ከሥሩ ሾልኮ ይቀራል። ለ4 ዓመት ልጅ የሚሆን ጃኬት ከሌለ ትንሿ ከአንዳችሁ ጋር ዳር ትቅር፣ ወንዱ ይሂድ፤ ብታለቅስም ይህን አትለውጡት። ጉማሬ ለማየት የጥቁር ውሃ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ ወደሚገባበት በኩል የምትሄዱ ከሆነ ለጀልባ ነጂው ገና ሳትነሱ «አታስጠጋ፣ ከሩቅ ይበቃናል» በሉት፤ ብዙዎቹ ደንበኛ ለማስደሰት ብለው ይጠጋሉ። ጉማሬ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ደቂቃዎች ሊቆይ ስለሚችል የት እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ግልገል ያላት ደግሞ የባሰች ናት። ወደ ማታ ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር ስለሚወጡ ከ11 ሰዓት በኋላ ቄጤማ ባለበት የሐይቅ ዳርቻ ከልጅ ጋር አትቆዩ።

ገንዘብ ባይኖርም ለትልቁ ልጅ ክረምቱን የማይረሳ የሚያደርግለት ነገር ሳይክል መልመድ ይመስለናል። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ለዚህ የምትመች ከተማ ናት። ለ7 ዓመት ልጅ ጎማው 20 ኢንች የሆነ ሳይክል ይስማማል። ከጎረቤት ተዋሱ ወይም ተከራዩ፤ ከተከራያችሁ ግን ፔዳሉን እንደምትፈቱ አስቀድማችሁ ባለቤቱን አስፈቅዱ። የጎን ድጋፍ ጎማ አትግጠሙ። እሱ ያለው ልጅ መርገጥ እንጂ ሚዛን መጠበቅ አይለምድም፤ በተነሳበት ቀን እንደ አዲስ ይጀምራል።

አለማመዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኮርቻውን ዝቅ አድርጋችሁ ልጁ ተቀምጦ ሁለቱም ውስጥ እግሮቹ ሙሉ በሙሉ መሬት እንዲነኩ አድርጉ። ቀጥሎ በ15 ቁጥር ቁልፍ ሁለቱንም ፔዳሎች ፍቱ። እዚህ ላይ ብዙ አባቶች ይሳሳታሉ፤ የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ቡሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፣ የግራው ግን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። በጉልበት ወደ ግራ ካዞራችሁት ይበልጥ ይጠብቃል፤ ሲብስም ጥርሱ ይበላና ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ ይቀየር ይባላል። ከመውጣታችሁ በፊት ፍሬኑንም ፈትሹ፤ ሳይክሉን እየገፋችሁ የኋላውን ፍሬን ጨብጡ፣ ጎማው መዞሩን ማቆም አለበት። የልጁ ጣቶች ፍሬኑን ካልደረሱ ያ ሳይክል አልሆነውም።

ከዚያ ገና መኪና ሳይበዛ፣ በጣም ትንሽ ቁልቁል ያለው ጠንካራ መሬት ፈልጉ። ሣር ለስላሳ ስለሚመስል ይመረጣል፤ ነገር ግን ጎማውን ስለሚይዘው ልጁ ፍጥነት አያገኝም፣ ያለ ፍጥነት ደግሞ ሚዛን የለም። ልጁ ተቀምጦ በእግሩ እየገፋ ይሂድ። መጀመሪያ ይራመዳል፣ ቀጥሎ ይዘላል፣ ከዚያ ሁለቱንም እግሮቹን አንስቶ ይንሸራተታል። በዚህ ጊዜ ፍሬን መያዝን ይልመድ። እግሩን አንስቶ እስከ አምስት መቁጠር እስኪችል ፔዳሉን አትመልሱ። ሲመለስ የቀኙን በቀኝ የግራውን በግራ፣ በትንሽ ግራሶ፣ መጀመሪያ በእጅ አስጀምራችሁ አጥብቁ። ስትደግፉት መሪውን አትያዙ፤ መሪው ከተያዘ ልጁ ሚዛኑን በእናንተ ላይ ይጥላል። ብብቱ ሥር ወይም ከኋላ ልብሱን ያዙት። ዓይኑን ወደ ጎማው ሳይሆን ወደ ፊት ያድርግ። ግማሽ ሰዓት በአንድ ጊዜ ይበቃል። ሄልሜት ካገኛችሁ ጠርዙ ከቅንድቡ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ወደ ኋላ ተገፍቶ ግንባር ካጋለጠ አያድንም። ትንሿ በዚያ ጊዜ ጠመኔ ይዛ መሬት ላይ ሰኞ ማክሰኞ ትሣል፤ ወንድሟ የሚነሳበትንና የሚደርስበትን መስመርም እሷ ታስምርለት።

ታቦር ተራራ ከፍ ያለ ነገር ሲያምራችሁ ጥሩ ነው፤ ከአናቱ ከተማውም ሐይቁም ይታያል። ሌሊት ዘንቦ ካደረ ግን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ሰው የሚወድቀው ሲወርድ ነው።

ነጎድጓድ ከሰማችሁ መብረቁ ከታየበት ጀምራችሁ ቁጠሩ። 30 ሳትደርሱ ድምፁ ከመጣ ቤት ወይም በር ያለው መኪና ውስጥ ግቡ፤ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዋርካ ሥር አትጠለሉ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ካበቃ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ባጃጅ ስትይዙ ደግሞ ልጆቹ መሐል ይቀመጡ፣ እናንተ በዳርና በዳር፤ ኮንትራት ከሆነ መመለሻውንም አብራችሁ ተስማሙ፣ ዝናብ ከጀመረ በኋላ ዋጋ መደራደር ከባድ ነው።

ጠዋቱም የሚዘንብበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ግቢያችሁ ውስጥ ድንኳን ሥሩ። በሁለት ዛፍ ወይም በዛፍና በቤቱ ምሰሶ መካከል ገመድ ወጥሩ፣ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ሸራ ጣሉበት፣ አራቱን ማዕዘን በካስማ እሰሩ። አንዱን ወገን ዝቅ አድርጉት፤ እኩል ከሆነ ውሃ መሐሉ ላይ ይጠራቀምና ሸራውን ያወርደዋል። ከሽቅቡ ወገን የአንድ ጣት ርዝመት ጥልቀት ያለው ቦይ ልጁ ራሱ ይቆፍር። መሬት ላይ የምታነጥፉት ላስቲክ ከላዩ ሸራ ማነስ አለበት፤ ጠርዙ ወደ ውጭ ከወጣ የሸራውን ጠፈጠፍ ተቀብሎ መኝታችሁ ሥር ያስገባዋል። ከዚያ ብይ፣ ቅልብልቦሽ፣ እቃ እቃ፤ ስልኩ ቤት ውስጥ ይቅር። እዚያው እናድራለን ካሉ አጎበር የግድ ነው፤ የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጅ ካተኮሰው «ብርድ ነው» ብላችሁ አታሳድሩት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ይደረግለት።

ባለቤትዎ የሌሊት ፈረቃ ካደሩ በኋላ እሑድ ጠዋት አይቀስቅሷቸው። ያን ሳምንት እሑድ ከ4 ሰዓት በኋላ ቅርብ ቦታ ላይ ይሁን፣ ሳይክሉን ማስለመድም የእሳቸው ሥራ ይሁን። ማን ምን እንደሚይዝና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ቅዳሜ ማታ ተነጋገሩ፤ መንገድ ላይ የሚነሳ ጠብ አብዛኛው እዚህ ላይ ያልተነጋገሩበት ነው።

ወንዶ ገነትን ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ያለ ብድር፣ ልጆቹ መውጣት ከለመዱ በኋላ ሂዱ። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ። ፍል ውሃው ከሚፈልቅበት ቦታ ልጆቹን አርቁ፤ እዚያ ያለው ውሃ ያቃጥላል። መዋኛው ውስጥ ትንሿ ከ10 ደቂቃ በላይ አትቆይ፤ ወጥታ ውሃ ትጠጣ፣ አርፋ ትመለስ። ፊቷ ከቀላ ወይም ድብት ካላት የዚያን ቀን ይብቃት። ከመነሳታችሁ በፊት ፀጉራቸው እስኪደርቅ ግማሽ ሰዓት ስጡት፣ ከላይ እስከ ታች ደረቅ ልብስ አልብሷቸው፤ በፍል ውሃ የሞቀ ገላ በእርጥብ ፀጉር ክፍት መስኮት አጠገብ ሲቀመጥ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ አምና ትንሿን ያስቸገራትም ይኸው ሊሆን ይችላል። ደመናው ገና ሳይከብድ፣ ቀን 7 ሰዓት ላይ፣ መኪና ያዙ።